ለአንድ ሰው ብቻ የተደፈኑ ዘጠኝ ጉድጓዶች

ለተከበሩ የመንገዶች ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ይልቁንም በመኪናዎ የኋላ ወንበር ላይ በቀኝ በኩል፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በተለይም ወገብዎ በደህና ውሎ በደህና እንዲያድር የዘወትር ምኞቴ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። ስለ ልብዎ፣ ስለ ደም ግፊትዎና ስለ ዓይንዎ የሚጨነቁ ሐኪሞች እንዳሉዎት አውቃለሁ፤ የወገብዎ ሐኪም ግን እኔ ነኝ። ላለፉት ስድስት ወራት ወገብዎ በዚህች ከተማ መንገድ ላይ ሳይነቃነቅ ቢሮ ደርሶ ወደ ቤቱ የተመለሰው በእነዚህ በዘይት በጠቆሩ ሁለት እጆቼ ሥራ ስለሆነ፣ ስለ ደህንነቱ ብጠይቅ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤዬን በአደባባይ የማወጣው በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሦስቱ መልስ ስላላገኙ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች ለመናገር፣ እኔ ከአሮጌው የእንጨት መጋዘን ጀርባ ባለችው ጋራዥ የመኪና ሞላና ባሌስትራ የምሠራ ሰው ነኝ። መኪናው ከፍ እንዲልለት የፈለገ፣ ዝቅ እንዲልለት የፈለገ፣ ሲሄድ የሚያንገጫግጨው መኪና እንደ አልጋ እንዲለሰልስለት የፈለገ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ሰው ሞተሩ ሲበላሽ መኪናውን ይሰድባል፤ ሞላው ሲደክም ግን መንገዱን ይሰድባል፤ ስለዚህም ለጽሕፈት ቤትዎ የሚላከውን ስድብ ሁሉ አንዲት ሳትቀር ጋራዤ በር ላይ ቆሜ ስቀበልልዎት የኖርኩት እኔ ነኝ። ለዚህ አገልግሎቴ ምስጋና ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ግን የራሴ ቅሬታ ስላለኝ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተራ ቁጥር እንደሚወዱ በዓይኔ አይቻለሁና።

አንደኛ። ወደ ጋራዤ ራስዎ በእግርዎ ስለመጡ እጅግ አመሰግናለሁ። ሌላ ሹም ቢሆን ሹፌሩን ልኮ በስልክ ያዝዝ ነበር። እርስዎ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ወገብዎን በሁለት እጅዎ ደግፈው ገቡ፣ በመፍቻ ሣጥኔ ላይ ተቀመጡ፣ የመሥሪያ ቤትዎ መኪና ከቤት ቢሮ እስኪያደርስዎ እንዴት እንደሚያሠቃይዎ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እኔም ከልቤ አዘንኩልዎት። ከዚያም እንደ ልማዴ የትኛውን መንገድ እንደሚያዘወትሩ ጠየቅሁ። ሞላ የሚቀመጥበትን ሰው ክብደትና የሚሄድበትን መንገድ ሳያውቁ የሚሠሩት ነገር አይደለም። ሌላው ደንበኛ ይህን ስጠይቀው እጁን ወደ ውጭ ወርውሮ «ያው ጉድጓድ ነዋ!» ብሎኝ ያልፋል። እርስዎ ግን ከቦርሳዎ የመሥሪያ ቤትዎ ስም የታተመበት ወረቀት አወጡ፣ በአረንጓዴ ብዕርዎም ዘጠኝ ጉድጓዶችን በተራ ቁጥር ጻፉ። ጥልቀታቸውን በስንዝር፣ የሚገኙበትን ጎን በግራና በቀኝ ለይተው፣ ሹፌር ወዴት ሊሸሻቸው እንደሚችል ሳይቀር። ቁጥር አንድ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር፤ አጠገቡም «ቀላል፣ ያንገጫግጫል» የሚል አስተያየት ሰፍሯል። ቁጥር አራት ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከመታጠፊያው በፊት፣ በቀኝ በኩል፣ ሁለት ስንዝር፤ አጠገቡም «ይህኛው ወገብ ይሰብራል» ይላል። ሲጨርሱ ቀን ጻፉበት፣ ፈረሙበትም። ማንም ፈርሙ አላለዎትም፤ እጅዎ ለምዶ ይመስለኛል።

ጽሕፈት ቤትዎ ለነዋሪው አቤቱታ ሁሉ ስለ ጉድጓዶች መረጃ እንደሌለው ሲመልስ ስለኖረ፣ መዝገቡ ጠፍቶ ይሆናል ብለን እናስብ ነበር። ለካስ አልጠፋም። የከተማችን ብቸኛ የጉድጓድ መዝገብ በወገብዎ ውስጥ በክብር ተቀምጦ ኖሯል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ነው።

ሁለተኛ። ስለ ሰጡኝ የሥራ ዕድል አመሰግናለሁ። መኪናን ከፍ ማድረግና መኪናን ማለስለስ የማይስማሙ ጎረቤቶች ናቸው። ከፍ ሲያደርጉት ይደርቃል፣ ሲያለሰልሱት ይሰምጣል፤ ሁለቱንም ልያዝ ያለ ሰው መኪናው በየመታጠፊያው እንደ ሰካራም ይወላገድበታል። እርስዎ ሁለቱንም ፈለጉ፤ ደግሞም እንዳይወላገድ አዘዙ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የፊቱን ሞላ አውጥቼ ረዘምና ለስለስ ባለ ተካሁ፤ የኋላውን ባሌስትራ ንብርብሩን ፈታትቼ ወፍራሙን ብረት አስወጣሁና በምትኩ ሁለት ስስ አስገባሁ፣ ቅስታቸውንም በእሳት አስተካከልሁ፤ መንጠሩን የሚውጡትን አሞርዛተሮች አራቱንም ቀየርሁ። በመጨረሻ ከጎማው እምብርት ጎማውን ከላይ እስከሚከልለው ፓራፋንጎ ጠርዝ በሜትር ስለካው መኪናዎ ከቀድሞው አራት ጣት ተኩል ከፍ ብሎ ነበር፤ በእጄ ተጭኜ ስለቀውም አንድ ጊዜ ብቻ ተንፍሶ ዝም አለ።

በሥራዬ ኮራሁ፤ መዋሸት አልችልም። ጣራው የሚያፈስበት ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ቢተኛ ጎረቤት ይስቅበታል፤ ጣራ ጠጋኙ ራሱ ጃንጥላ ሊገዛ ሲመጣ ግን ጃንጥላ ሻጩ አይስቅም፣ ጥሩ ጃንጥላ መርጦ ይሰጠዋል እንጂ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ። በእኔ ጋራዥ የተሠራ መኪና ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ይፈተናል፤ ፈታኟም ታላቅ እህቴ ነበረች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ እታለም እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ «አንተ ልጅ» ማለቷን አልተወችም። ከጋራዡ አጥር ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። እኔ አንድ ሥራ በጨረስሁ ቁጥር መርፌና ነጭ ክር ይዛ ትመጣና ባለመኪናው በሚቀመጥበት ቦታ ትቀመጣለች፤ እኔ እነዳለሁ። ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ እሷ ልክ በዚያች ቅጽበት ክሩን በመርፌው ዓይን ለማሳለፍ ትሞክራለች። ካለፈላት ሥራው አልቋል፤ ጣቷን ከወጋት ተሳድባ ትስቃለች፣ እኔም መኪናውን በክሪክ አንሥቼ እንደገና ከሥሩ እገባለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ የታመነ መለኪያ አላገኘሁም።

የእርስዎን መኪና የፈተንነው በእርስዎ ወረቀት ነው። እታለም በወንበርዎ ላይ ተደላድላ ተቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «አንድ!» ስል ክሩ አለፈ፤ ማለፉን ለማስታወስም ከቁጥሩ አጠገብ በወረቀቱ ላይ አንዲት ስፌት ሰፋችበትና ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። ሁለትም አለፈ፣ ሦስትም አለፈ። «አራት!» ስል መኪናው ወርዶ ወጣ፤ በመሪው ላይ የተሰማኝ እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር ብቻ ነው። ዞር ስል እታለም ስፌቷን እያጠበቀች ነበር። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ጉድጓድ እኮ ተደፈነ!» አለችኝ። ትንሽ ቆይታም «ለአንድ ሰው ብቻ» ብላ ጨመረችበት።

እኔ ሳቅሁ። ያን ሳቄን አሁን ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ፤ መፍቻ በእጄ ይዤ፣ ሰው እያነጋገርኩ፣ በጠራራ ፀሐይ እሰማዋለሁ።

አምስተኛ። አስተዋይ አንባቢ ቁጥር አራትን እንደዘለልኩ ሳያይ አይቀርም። ይህን ያደረግሁት ለጽሕፈት ቤትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት የተነሣ ነው። ቁጥር አራት የሚባል ነገር በመዝገብዎ እንደሌለ ለፍርድ ቤት በጽሑፍ ያረጋገጡ ስለሆነ፣ እኔ ማን ነኝና እጽፈዋለሁ?

መኪናዎን በተረከቡ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እታለም አርባ ዩኒፎርም በሁለት ጥቅል አስራ ትምህርት ቤት ልታደርስ ተነሣች። እኔ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። ላድርስሽ ብላት «ሥራህን ሥራ፣ ጎረቤታችን አለ አይደል» ብላኝ ሄደች። ጎረቤታችን ባለሦስት እግር ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ኤሊው ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ልጆች ናቸው፤ ዳገት ላይ ከታክሲው ወርደው በጎኑ እየተራመዱ ያጫውቱትና ጫፍ ሲደርስ ተመልሰው ይሳፈራሉ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ቁጥር አራት በውሃ ተሞልቶ ከመንገዱ ጋር እኩል መስሎ ይታይ ነበር። ከፊት ለፊት የጭነት መኪና መጣ፣ ኤሊው ጥጉን ያዘ፣ ታክሲው ተገለበጠ። የኤሊው ክንድ ተሰበረ። እታለም እዚያው ቀረች።

እኔ የደረስሁት ሰዎች ከውሃው አውጥተው ዳር ካስተኟት በኋላ ነው። ዓይኗን የከደነላት ሰው አልነበረምና እኔ ከደንኩላት። እጄን ሳልታጠብ ስለሮጥሁ በሁለቱም ሽፋሽፍቷ ላይ ጥቁር ዘይት ቀረባት። በነጠላዬ ጫፍ እንዳልጠርግላት ነጠላ አልለበስሁም፤ በእጅጌዬ ጠረግሁት፣ ጭራሽ ተስፋፋ። ክቡር ሆይ፣ ዓይኔን ስጨፍን የማየው ፊቷን አይደለም፣ ያን ጥቁር ነው።

ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሦስት ዓመት ሙሉ አቤት ያልንበትንና ጆሮ ዳባ ልበስ ያላችሁትን ጉድጓድ በማግስቱ ጠዋት በሁለት መኪና ጠጠር ደፈናችሁት። እህቴ የተቀበረችው ከሰዓት በኋላ ነበርና ጉድጓዱ ቀድሟት ተቀበረ። ሊለኩ የመጡት ፖሊሶች ለጥ ያለ መንገድ አገኙ፣ ለጥ ያለ መንገድ ብለውም መዘገቡ። በአሥረኛው ቀን ዝናብ ጠጠሩን ጠርጎ ወሰደው፤ ጉድጓዱም ዛሬ በቦታው አለ። ፍርድ ቤቱ ሲጠይቅዎ ግን «በተጠቀሰው ሥፍራ ጉድጓድ ስለመኖሩ በጽሕፈት ቤታችን መዝገብ የሰፈረ ነገር የለም» ብለው ጻፉ፤ በዚያው አረንጓዴ ብዕርም ፈረሙ። እነሆ በዚያ መልስዎ የተነሣ ኤሊው ከመጠን ባለፈ ፍጥነት ነድቶ ሰው ገድሏል ተብሎ ከታሰረ አምስት ወር አለፈው። ኤሊው፣ ከመጠን ባለፈ ፍጥነት! ዓይን ያወጣ ውሸት ብዙ አይተናል፤ ይህኛው ግን ዓይን አውጥቶ አልበቃው ብሎ እግርም አወጣ።

ስድስተኛ። ከሁለት ወር በፊት መኪናዎ ወደ ጋራዤ ተመልሶ መጣ። ከሹፌርዎ ጋር አብረው መጥተው፣ በዚያው በመፍቻ ሣጥኔ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው የነገሩኝን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መኪናው ሁሉም ነገሩ ጥሩ ነው፣ ብቻ «አራተኛው ላይ» ሲደርስ ከወንበሩ ሥር ይንኳኳል አሉኝ። አራተኛው ላይ ነው ያሉት፤ ሌላ ቃል አልተጠቀሙም። ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ፤ ደጅ እንደሚጠና እንግዳ እየቆጠበ ነው የሚያንኳኳው አሉ። በመዝገብ በሌለ ጉድጓድ ላይ በመዝገብ የሌለ ድምፅ ስለሰሙ ከልብ አዝኛለሁ።

እንደ ባለሙያ ግን ማዘን አይበቃምና ሥራዬን ሠራሁ። ብረት ከብረት እንዳይጋጭ በየመገጣጠሚያው የሚገቡትን ላስቲኮች በሙሉ ቀየርኳቸው። እያንዳንዱን ቡሎን ፈትቼ መልሼ አጠበቅሁ። የኋላውን ወንበር ነቅዬ ከሥሩ የወደቀ ነገር እንዳለ ፈለግሁ፤ አንድ የሸሚዝ ቁልፍና የመድኃኒትዎን ማሸጊያ አገኘሁ እንጂ የሚንኳኳ ነገር አልነበረም። በሳምንቱ ተመለሱ። ዐሥር ቀን ቆይተው ደግሞ ተመለሱ። ሹፌርዎን ለብቻው ጠይቄው ነበር፤ ቁጥብ ሰው ነው፣ መሬት መሬት እያየ «እኔስ አልሰማም፣ እሳቸው ግን እዚያ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን ወደ ላይ ይሰበስባሉ» አለኝ።

ስለዚህ አንድ ቀን ሹፌርዎ እንዲነዳ አድርጌ እኔ በወንበርዎ ላይ ተቀመጥሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ አፌ ራሱ «አራት!» ብሎ ጮኸ፤ ጆሮዬም የእታለምን መልስ ጠበቀ። መኪናው ወርዶ ወጣ። ምንም አልተንኳኳም፤ ምንም አልተሰማም፤ እንደዚያ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሹፌርዎ ዞር ብሎ አየኝና ጥግ ይዞ ቆመልኝ፤ እስክረጋጋ ድረስም ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ያንን ድምፅ ብሰማው ምን ያህል ደስ ባለኝ! እኔ ወንድሟ እያለሁ ለእርስዎ መንኳኳቱ ምን ዓይነት አድልዎ ነው እያልኩ ቀንቼብዎታለሁ።

ባለፈው ሰኞ ለአራተኛ ጊዜ መኪናውን ሲልኩ አብሮት የጽሑፍ ትእዛዝ መጣ። «ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አስፈላጊ መስሎ የታየህን ማንኛውንም ነገር እንድታደርግ ታዘሃል» ይላል። ይህን ያህል ሰፊ ሥልጣን የሰጠኝ ሰው ከእርስዎ በፊት አልነበረም፤ እጅ ነሥቻለሁ።

ሰባተኛ። ይህ ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ የሚቀበል ሌላ ጽሕፈት ቤት ስለሌለ ወደ እርስዎ አቀርበዋለሁ።

ያ ወረቀት፣ ክቡር ሆይ፣ አምስት ወር ሙሉ በእኔ እጅ ነበረ። የእርስዎ ጽሑፍ፣ ቀንና ፊርማ፣ ከዘጠኙ ቁጥሮች አጠገብም የእህቴ ዘጠኝ ነጭ ስፌቶች ያሉበት ያ ወረቀት። ለፍርድ ቤቱ ባሳየው ኤሊው በማግስቱ ቤቱ እንደሚገባ አውቅ ነበር። አላሳየሁትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በእኔ ላይ ግን ነቀዘ፣ ውስጤን በላኝ።

ለምን ዝም አልህ የሚለኝ ቢኖር ሁለት ምክንያት አለኝ፤ ሁለቱም አያኮሩም። አንደኛው ሐፍረት ነው። ወረቀቱ እርስዎ ማወቅዎን ብቻ አያሳይም፤ እኔም አውቅ እንደነበረ ያሳያል። ወገብ የሚሰብር ጉድጓድ እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ ሁለት ስንዝር መሆኑን በእጄ ይዤ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ደፍኜው፣ ለኤሊው ግን ወንድሜ እዚያ ጋ ተጠንቀቅ ሳልለው ቀረሁ። አካፋ ይዤ ወርጄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠዋት በአፈርና በድንጋይ እሞላው ነበር። አሥራ አንድ ቀን ከመኪናዎ ሥር ስተኛ ይህ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ስፌቶቹ ናቸው። በጣቴ ስነካቸው የእጇን ልክ አገኘዋለሁ፤ የሰባተኛው ትንሽ ጠማማ ነው፣ ስታስነጥስ የሰፋችው ነው። ፍርድ ቤት የገባ ወረቀት አይመለስም። የቀረችኝን እህቴን በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ መተው አቃተኝ።

የኤሊው ሚስት በየሳምንቱ ምሳ ይዛለት ስትሄድ በጋራዤ በር ታልፋለች። ለእኔ ሰላምታ ሳትሰጥ አልፋ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ቆመችና ፊቴን አይታ፣ «ጋሼ፣ ራስዎን አይጉዱ እንጂ፤ የተጎዱትስ እርስዎ ነዎት፣ እኛማ በሕይወት እናየዋለን» አለችኝ። ባሏን ያሰረውን ወረቀት፣ ይቅርታ፣ የሚፈታውን ወረቀት በደረት ኪሴ ይዤ እንደቆምሁ አጽናናችኝ። ሳህኑን የቋጠረችበት ጨርቅ እታለም የሰጠቻት የዩኒፎርም ቁራጭ ነበር። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቴ ወጣ።

ስለዚህ ትናንት ወረቀቱን ይዤ ፍርድ ቤት ሄድሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለኝ ካለ ተቀብያለሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መነጽሩን አስተካክሎ አንዴ እርስዎ የጻፉትን፣ አንዴ የፈረሙትን ቀን እያየ ብዙ ቆየ። ከዚያም አውራ ጣቱን በስፌቶቹ ላይ አሳልፎ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። «አልተሰማም ማለት ነው» አልሁት። ቁጥር ሰጥቶ ማኅተም መታበትና ከኤሊው ፋይል ጋር አሰረው። እጄ ባዶ ሆኖ ወጣሁ። በመንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስሁ፣ ሰው አየኝ አላየኝ አላልሁም።

ችሎቱ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እርስዎም እኔም ለምስክርነት ተጠርተናል፤ መጥሪያዎ ይህ ደብዳቤ ከመውጣቱ አስቀድሞ ይደርስዎታል ብለውኛል። እኔ አስቀድሜ ቆሜ የማውቀውን እናገራለሁ፤ የራሴንም አልደብቅም። ከዚያ በኋላ ዳኛው ጉድጓዱን ያውቁት ነበር ወይ ብለው ይጠይቁዎታል፤ እርስዎም ሰዎች ሁሉ እየሰሙ ይመልሳሉ። ከዚህ የበለጠ ምንም አልለምንም። ኤሊው ቀስ ብሎ እየነዳ ወደ ቤቱ ይመለስ፤ ጉድጓዱም ለሁሉም ሰው ይደፈን።

ይህን ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ክቡር ጊዜዎን ስለሠዉ፣ ወገብዎንም ለእኔ አምነው ስለሰጡ፣ በመጨረሻም ይህችን ከተማ ጉድጓዷን ሁሉ በአካልዎ ተሸክመው ስላስተዳደሩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። የእኔ ወገብ ይጎነበሳል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከመኪና ሥር ኖሯል።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
የሞላና የባሌስትራ ሠራተኛው፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም፣
እርስዎ ያወቁትን አብሮ ያወቀ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መኪናዎ ስላለቀ ሹፌርዎ ሊረከበው ይችላል። በሰጡኝ የጽሑፍ ትእዛዝ መሠረት አስፈላጊ መስሎ የታየኝን አድርጌያለሁ፤ አራት ጣት ተኩሉን አውርጄ፣ የእኔን ሞላና ባሌስትራ ነቅዬ፣ ከፋብሪካ የወጣበትን መልሼ ገጥሜዋለሁ። ከእንግዲህ ዘጠኙም አንድ በአንድ ይሰማዎታል። ያ የሚያንኳኳው ነገር ግን ከመኪናው ስላልሆነ ዋስትና ልሰጥዎ አልችልም፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድም በቁልቁለቱ በኩል ያለው ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ግርጌው ላይ ሲደርሱ ከሰሙት እባክዎ ወደ እኔ አይመለሱ፤ መኪናውን ያስቁሙ፣ ይውረዱ፣ ይክፈቱላት።